አጥንት መጨመር ግዴታ ነው ወይስ ንግድ? የ42 ምላሾች ክር

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ርዕሱንም እንዲያ ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ ያን ዕለት ማታ ተናድጄ ነበር። ምላሾቹ አርባ ካለፉ ወዲህ አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ማንበብ እየሰለቸው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ ማን በስንተኛው ምላሽ ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ያሳጠርኩት አለ፣ የዘለልኩትም አለ፤ ቅር ያለው ይንገረኝና አስተካክላለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በታችኛው መንጋጋዬ በቀኝ በኩል ያለው አንደኛው ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ተሰንጥቆ ተነቀለ። ቦታውን እንዲሁ ተውኩትና በግራ እያኘኩ ኖርኩ። ምላሴ ግን አልተወውም፤ ሥራ ሲፈታ እየሄደ ያን ጎድጎድ ያለ ቦታ ይዳስሳል። በመጨረሻ ኢምፕላንት፣ ማለትም መንጋጋ አጥንት ውስጥ በብሎን የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ላስተክል ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሐኪም ድዴን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ዳሰሰና አጥንቴ መቅጠኑን ነገረኝ። መጀመሪያ አጥንት ተጨምሮ ስድስት ወር ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ የቲታኒየሙ ብሎን ይገባና ሌላ ሦስት አራት ወር ይቆያል፤ ክራውኑ፣ ከላይ የሚታየው የጥርስ ቅርጽ፣ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? ሁለተኛው ሐኪም ደግሞ መንጋጋዬን በሙሉ በአንድ ምስል የሚያሳየውን ፓኖራሚክ ራጄን አየና አጥንቱ በቂ እንደሆነ፣ ምንም ሳይጨመር በዚያው ሳምንት መትከል እንደሚቻል ነገረኝ። ሁለቱም ተምረዋል፣ ሁለቱም ያዩት አንድ አፍ ነው። ታዲያ ማንን ልመን፣ አንዳቸው የሚያዩት ጥርሴን ነው ኪሴን ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ።

1ኛው ምላሽ ጠዋት ጠበቀኝ። ወንድሜ ብሎ ነው የጀመረው፤ እህት ነኝ፣ ግን ቅንነቱ ስለገባኝ አላረምኩትም። ከላይኛው የፊት ጥርሶቹ አንዱን በአደጋ አጥቶ፣ አጥንት አስጨምሮ፣ ከሰባት ወር በኋላ ኢምፕላንት ያስገባ ሰው ነው። ሕመሙ የፈራውን ያህል እንዳልሆነ፣ ደንዝዞ ስለነበር የተሰማው መገፋትና መጎተት ብቻ እንደነበር ጻፈ። የከበደው እብጠቱ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጉንጩ ዓይኑን እስኪጫን አብጦ፣ ከዚያ ብልዙ ወደ ታች ወርዶ አንገቱ ላይ ቢጫ ሆኖ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት ጨምሮ፣ ተረጋግቼ እንድወስን መክሮ ተሰናበተ።

2ኛው ተረቱን አልወደደውም። አፍ እርሻ እንዳልሆነ አሳስቦ ገባ። እሱ ከስምንት ዓመት በፊት ምንም ሳይጨመርለት ኢምፕላንት አስገብቶ እስከ ዛሬ በእሱ ያኝካል። በእሱ እምነት አጥንት መጨመር የሚባለው ነገር በሽተኛን ለማመላለስ የተፈጠረ ዘዴ ነው፤ የመጀመሪያው ሐኪሜ ነጋዴ፣ ሁለተኛው ሐቀኛ ሰው ነው። ከምላሹ ሥር አሥራ አንድ ሰው ልክ ነው የሚል ምልክት አድርጎለታል። እውነቱን ለመናገር ከአሥራ አንዱ አንዷ እኔ ነበርኩ።

3ኛው ራሱን የጥርስ ሐኪም ብሎ አስተዋወቀ፤ ከዚህ በኋላ ሐኪሙ የምለው እሱን ነው። ነጋዴ ተብሎ ሲሰደብ አለመቆጣቱ ገረመኝ። የጀመረው ከሥሩ ነው፦ ጥርስን አቅፎ የያዘው አጥንት የሚኖረው በጥርሱ ነው። በተለይ የጥርሱ ጅማቶች የሚሰኩበት ስስ የአጥንት ሽፋን ጥርሱ ሲወጣ ሥራ ያጣና ይጠፋል። ከፊት ጥርሶች በከንፈር በኩል ያለው ግድግዳ ደግሞ በብዙ ሰው ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ስለሆነ፣ እሱ ሲሄድ ቦታው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት የአጥንቱ ግማሽ እንደሚጠፋ፣ ከዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንደሚሄድ ጻፈ። አራት ዓመት ለቆየ ቦታ የመጀመሪያው ሐኪም ቀጥኗል ማለቱ እንደማያስደንቀው ገልጾ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ የትኛውን ምስል ነው የተነሳሽው?

4ኛው የእኔ ነው። ከፓኖራሚክ በቀር የተነሳሁት እንደሌለ መለስኩ።

5ኛዋ አራሚ ነበረች፤ ቃሏ ደረቅ ያለ ነው። ሐኪሙ የጠቀሰው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2003 ከታተመ ጥናት የመጣ እንደሆነ፣ በ46 ታካሚዎች የመንጋጋና የቅድመ መንጋጋ ጥርሶች ቦታ ላይ እንደተሠራ፣ በዓመቱ ከ12 ሚሊሜትር ወደ 5.9 የወረደው ደግሞ ስፋቱ እንጂ አጥንቱ በሙሉ እንዳልሆነ አስረዳች። ቁመቱ የሚቀንሰው ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ግማሽ አጥንት ጠፋ ሲባል ሰው መንጋጋው ከመሃል የተቆረጠ ስለሚመስለው ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ቃሉን መምረጥ እንዳለበት ጨመረች።

6ኛው ላይ ሐኪሙ ስህተቱን ተቀብሎ አመሰገናት። ከዚያ የጻፈው ነገር ነው እኔን ያነቃኝ። ፓኖራሚክ ራጅ ግድግዳን ፊት ለፊት ቆሞ እንደማየት ነው፤ ቁመቱንና ርዝመቱን ያሳያል፣ ውፍረቱን ግን አያሳይም። ጣትም ቢሆን የሚዳስሰው ድዱን ጨምሮ ነው፤ የድድ ውፍረት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ሁለቱም ሐኪሞቼ አልዋሹኝም፣ ግን ሁለቱም አልለኩም። ኮን ቢም ሲቲ የሚባለውን ምስል ተነሥቼ ቦታው እንደ ዳቦ ቁራጭ በስለት ተቆርጦ እንዲታይ መከረኝ። ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኢምፕላንት በግራና በቀኙ 1.5 ገደማ አጥንት ይፈልጋል፤ ሲደመር 7። ከሥር ደግሞ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ከሚያልፈው ነርቭ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር መራቅ አለበት፤ ያ ነርቭ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም በዚያው ይቀራል። ክሩን ከዚህ በላይ ማንበብ የማይፈልግ ሰው 6ኛውን አንብቦ ቢሄድ አልቀየመውም።

በ7ኛው አንድ ሰው ብዙዎቻችን ልንጠይቅ ያፈርነውን ጠየቀ። የሚጨመረው አጥንት የማን ነው? የሞተ ሰው ነው፣ የከብት ነው? ሰውነትስ አይተፋውም?

8ኛው ረጅም ነው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ የጻፈችው። ከራስ የሚወሰድ አለ፤ ከአገጭ፣ ከታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥግ፣ የጎደለው ብዙ ከሆነም ከዳሌ። ሕይወት ያለው ሴል ይዞ ስለሚመጣ ጉልበት አለው፣ ግን ሁለተኛ ቁስል ያተርፋል። ከሞቱ ለጋሾች ተወስዶ ታጥቦና ታክሞ የሚመጣ አለ። ከእንስሳ፣ በብዛት ከከብት፣ ከአሳማና ከፈረስም የሚዘጋጅ አለ። በፋብሪካ የሚሠራም አለ፤ ሃይድሮክሲአፓታይት ወይም ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት ይባላል። ከከብት የሚመጣው ሥጋዊ ነገሩ በሙሉ ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ ስለሚቀር እንደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ሰውነት እንዳይተፋው የሚዋጥ መድኃኒት የለም።

ነርሷ የጻፈችው እጇ ላይ የሚያልፈውን ነገር ነውና አየሁት ማለት እችላለሁ። ከጠርሙሱ ትንሽ ሳህን ላይ ሲገለበጥ ነጫጭ ቅንጣት ነው፤ የትንሹ ዓይነት ከሩብ ሚሊሜትር እስከ 1 ሚሊሜትር፣ ከደረቅ ጨው የማይለይ። ከበሽተኛው ደም ጠብ ሲደረግበት ቀይ እርጥብ አሸዋ ይሆናል፤ በማንኪያ ሲነሳ አይበተንም። ያ አሸዋ ቦታው ላይ ከተጠቀጠቀ በኋላ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ አጥር ነው፦ ድድ ከአጥንት ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፣ አጥር ከሌለ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን ይይዘዋል። በወራት ውስጥ ሽፋኑ ራሱ ይሟሟል። ቅንጣቶቹም ለብቻቸው አጥንት አይሆኑም፤ የራስ ሴሎች የሚረማመዱባቸው መወጣጫ ናቸው። የከብቱ ዓይነት በአዲሱ አጥንት ውስጥ ታጥሮ ለዓመታት ይታያል፤ ከራስ የተወሰደው ግን ቶሎ ይከስማል። በመጨረሻም ለእምነታቸው የሚጠነቀቁ ሰዎች ስለ ቅንጣቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሽፋኑም ይጠይቁ አለች፤ የኮላጅን ሽፋን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው የሚሠራው። አማራጭ ስላለ ቀድሞ መጠየቅ ነው፣ ከተሰፋ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

9ኛው አጭር ነው፣ ግን አልረሳውም። ከአገጩ አጥንት የተወሰደለት ሰው ነው። የተጨመረበት ቦታ በደንብ ይዞለታል። የተወሰደበት ግን አምስት ዓመት ሆኖት እስከ አሁን ከታች የፊት ጥርሶቹን በጥፍሩ መታ መታ ሲያደርግ የሌላ ሰው ጥርስ ይመስለዋል። ቅሬታ እንደሌለው፣ ሆኖም ይህን ማንም ቀድሞ እንዳልነገረው ጻፈ።

ከ10 እስከ 13 ያለው እንደምትገምቱት ነው። የከብት አጥንት ያስገባ ሰው ሣር ያምረው እንደሆነ የጠየቀ አለ፤ ሥጋ የማይበላ ሰው ምን ይሁን የሚል ክርክር ተነስቶ ስለ ወተትም ስለ ማርም ወረደ። አወያዩ በ13ኛው ገብቶ ወደ መንጋጋው እንድንመለስ ባያሳስብ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርን።

14ኛው የአንድ አባት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አርቴፊሻል ጥርስ አድርገዋል፣ ላይም ታችም። የላዩ እሺ ይላቸዋል። የታችኛው ግን በየጥቂት ዓመቱ ይሰፋቸውና ሲያወሩ ይነሳል፣ ሲስቁ ይንሸራተታል፤ ሰው መሃል በእጃቸው አፋቸውን መሸፈን ልማድ ሆኖባቸዋል። በዚህ ዕድሜ አጥንት ይጨመርልኛል ወይ ብለው ጠየቁ።

15ኛው ያለ ክፋት መልስ ሊሰጥ ሞከረ፤ ችግሩ አንተ እያለ ነው የጻፈው። 16ኛዋ ተነሳችበት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጥርስ አልባ ነኝ ያሉ ሰው ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል ወይ አለችው። 17ኛው ደግሞ በድረ ገጽ ላይ ሁሉም እኩል ስለሆነ አንቱታ አያስፈልግም ብሎ ነገሩን አባባሰው። ጥርስ ተረስቶ ስለ አክብሮት ስንጨቃጨቅ በ18ኛው እሳቸው ራሳቸው ተመለሱ። አንተም በሉኝ አንቱ፣ መልሱን ብቻ ስጡኝ አሉ። ከዚያ በኋላ 15ኛው ጸሐፊ በክሩ ውስጥ የጻፈው ሁሉ በአንቱታ ሆነ፤ ለእኔ ሳይቀር።

መልሱን የሰጣቸው ሐኪሙ ነው፣ በ19ኛው። ያጋጠማቸው ነገር ከቆየ ጥናት የሚታወቅ እንደሆነ ነገራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ፣ አርቴፊሻል ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት የተከተለ ጥናት የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚሟሽሽ አሳይቷል። ዕድሜ ብቻውን እንደማይከለክል፣ የስኳርና የደም ግፊት ሁኔታቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒት እንደሚወስን ገለጸላቸው። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጨመረ፦ እሳቸው ምናልባት አጥንት መጨመር ጨርሶ ላያስፈልጋቸው ይችላል። በታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል፣ ነርቮቹ ከሚወጡባቸው ሁለት ቀዳዳዎች መካከል፣ ሌላው ሲያልቅም ብዙ ጊዜ የሚበቃ አጥንት ይቀራል። እዚያ ሁለት ኢምፕላንት ተተክሎ አርቴፊሻሉ ጥርስ እንደ ልብስ ቁልፍ ቢቆለፍበት መንሸራተቱ ይቀራል።

ይህን ሲያይ 2ኛው ሰው በ20ኛው በድል አድራጊነት ተመለሰ። ሐኪሙ ራሱ አያስፈልግም አለ አይደል? የስምንት ዓመት ኢምፕላንቱንም ዳግመኛ አነሳልን።

21ኛው የሐኪሙ መልስ የክሩ ምርጥ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ግማሹን ለባላጋራው ሰጠው። አዎ፣ ያለ ምክንያት አጥንት የሚጨመርበት ጊዜ አለ። አጠር ያለ ኢምፕላንት፣ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር፣ ብዙ ቦታ ላይ ከፍታ ለመጨመር የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ያስቀራል። ጥርስ የሌለው መንጋጋ ሙሉ በሙሉ በአራት ኢምፕላንት፣ የኋላ ሁለቱ ዘመም ብለው ተተክለው ሊሞላ ይችላል። ጎረቤት ጥርሶቹ ለራሳቸውም ክራውን የሚፈልጉ ከሆነ ብሪጅ፣ ማለትም በጎረቤት ጥርሶቹ ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላ ጥርስ፣ ነውር አይደለም። ከፍታ መጨመር ስፋት ከመጨመር እጅግ እንደሚከብድ፣ የሚያውቅ ሐኪም ሁሉ ከመጨመር በፊት መሸሽ የሚቻል መሆኑን እንደሚያስብ አመነ። ሁለተኛው ግማሽ ግን ለ2ኛው ሰው መረር ያለ ነበር፦ አንድ አፍ ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት ጥርስህ በተነቀለ በወሩ ነው የተተከለልህ፣ ምናልባት አጥንትህ በተፈጥሮው ወፍራም ነው፤ አንተ ዕድለኛ ስለሆንክ ቀጭኑ ሰው በግድ ይተከልለት ማለት አትችልም። ቀጭን አጥንት ላይ ሲተከል የውጭው ግድግዳ ይከስማል፣ ድዱ ይሸሻል፣ ብሎኑ ይታያል። 2ኛው ሰው መልስ አልሰጠም፣ ቢያንስ ለጥቂት ቀን።

22ኛዋ የላይኛውን መንጋጋ አመጣች። እዚያ ከኋላ ጥርሶች በላይ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላበት ክፍት ቦታ አለ፤ ጥርስ ሲወጣ አጥንቱ ከታች ይሳሳል፣ ሳይነሱም ከላይ ወደ ታች ይሰፋል። የእሷ የቀራት 3 ሚሊሜትር ነበር። በጎን በኩል የጥፍር ያህል መስኮት ተከፍቶ፣ የሳይነሱ ልባስ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ከሥሩ ቅንጣቱ ተሞላ። ስክሪኑ ወደ እሷ ዞሮ ስለነበር አየችው፦ ልባሱ ከእንቁላል ቅርፊት ሥር እንዳለው ስስ ቆዳ ነው፣ እሷ ስትተነፍስ እሱም ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ትንፋሿን ማፈን አማራት። ለሁለት ሳምንት መናፈጥ ክልክል፣ በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ክልክል፣ ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ። በአምስተኛው ሌሊት ከእንቅልፏ ያባነናት ማስነጠስ መጣና እንደ ልማዷ አፏን ገጥማ አፍንጫዋን ያዘች። እስኪነጋ ቁጭ ብላ ደም ስትጠብቅ አደረች። ምንም አልሆነም። ከስምንት ወር በኋላ ኢምፕላንቱ ገባ።

በ23ኛው ልባሱ ቢቀደድስ የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ በ24ኛው ሐኪሙ በዚህ ቀዶ ሕክምና ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው እሱ እንደሆነ፣ ትንሹ ቀዳዳ በኮላጅን እንደሚሸፈን፣ ትልቁ ግን ተዘግቶ ከወራት በኋላ እንደገና እንደሚሞከር ገለጸ።

25ኛው ጋ ድምፁ ተለወጠ። ይህ ሰው ተጨምሮለት የከሸፈበት ነው። በአሥረኛው ቀን ስፌቱ መሃል ላይ ተከፈተ፣ ሽፋኑ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ፣ ከዚያ በየጠዋቱ አፉን ሲጉመጠመጥ ነጫጭ ቅንጣት መታጠቢያው ላይ ያያል። አንድ ቀን ቆጠራቸው፤ አሥራ ሰባት። በወሩ ሁሉም ተጠርጎ ወጣ፤ ከነበረውም አጥንት የተወሰነው አብሮ ሄደ። የሠራለትን ሐኪም ከባድ ቃል ተናገረው፤ እዚህ አልደግመውም። በመጨረሻው መስመር ላይ ግን በቀን አሥር ሲጋራ እንደሚያጨስ፣ ለሦስት ቀን ብቻ እንዳቆመ ጻፈ።

26ኛው ያቺን መስመር ይዞ አረደው። ሲጋራ የደም ሥሮችን እንደሚያጠብብ፣ ቁስል እንዳይገጥም እንደሚያደርግ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ሆኖ ሳለ ሐኪምን መሳደብ ምን ይሉታል አለ። አገላለጹ ከዚህ የከፋ ነበር። 27ኛዋ ነርሷ ናት፤ ሁለቱንም ለየች። ማጨሱ ዋና ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ድዱ ተወጥሮ ከተሰፋም ይከፈታል። ከሥር አጥንት ሲጨመር ቦታው ያብጣል፣ የድሮው ድድ አይበቃውም፤ ስለዚህ ከውስጥ በኩል ያለው የአጥንት ልባስ በስለት ላላ ተደርጎ ድዱ ያለ ጉልበት እስኪገናኝ ድረስ መሳብ አለበት። እሷ የምታግዘው ሐኪም ከመስፋቱ በፊት ሁለቱን ጫፎች በመያዣ ሳይጎትት ያስነካካቸዋል፤ ካልተደራረቡ አይሰፋም። 25ኛው ሰው ለዚህ መልስ አመሰገናት። ለ26ኛው ግን ምንም አላለም።

28ኛውን ሳላሳጥር ባስቀምጠው ደስ ይለኝ ነበር። እናቱ ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት ለዓመታት ሲወስዱ ኖረው ጥርስ ሲነቀልላቸው ለነቀለው ሐኪም አልተናገሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። የተነቀለበት ቦታ ለወራት አልገጠመም፣ አጥንቱ ገርጥቶ ተጋልጦ ቀረ። ሐኪሙ ከሥሩ ያከለው፦ አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ ዴኖሱማብ የአጥንትን መታደስ ስለሚገቱ የመንጋጋ አጥንት ሊሞት ይችላል። ለካንሰር በከፍተኛ መጠን በሚሰጡበት ጊዜ አደጋው ይብሳል፤ ለአጥንት መሳሳት በሚዋጠው ላይ ያነሰ ነው፣ ግን አለ። በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አይገባም፤ መድኃኒቱን ያዘዘውና ጥርሱን የሚሠራው ሐኪም መነጋገር አለባቸው። መንጋጋው ላይ ጨረር የወሰደ ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ይናገር።

29ኛው ከራስ ደም በሚሠራ ፒአርኤፍ በሚባል ነገር ፍቅር የያዘው ሰው ነው። ከክንዱ ደም ተቀድቶ በማሽን ሲሽከረከር ከቱቦው ላይኛው ክፍል ቢጫ ለስላሳ ነገር እንደ ጄሊ ሲወጣ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሁሉ ከንቱ ሆኖበታል። 30ኛዋ፣ ያቺ አራሚያችን፣ ውሃ ቸለሰችበት፦ የድድ ቁስልን ለማዳን ያግዛል፣ ብቻውን ግን የጠፋ አጥንት ቦታ አይሞላም።

31ኛው ታሪክ አመጣ። የኢምፕላንት አባት የሚባለው ስዊድናዊው ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው በሽተኛ ሲተክል ምንም አጥንት እንዳልጨመረ፣ ያም በሽተኛ ከአርባ ዓመት በላይ እንደተጠቀመበት ጽፎ፣ አጥንት መጨመር ኋላ የመጣ ንግድ ነው ሲል ደመደመ። 2ኛው ሰው ከተደበቀበት ወጥቶ አጨበጨበ። 32ኛው ግን የ1965ቱ ልክ ቢሆንም መደምደሚያው ልክ እንዳልሆነ አሳየ፤ ብሮነማርክ ራሱ ከባልደረባው ከብሬይን ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው ሥራ የተሟሸሸ መንጋጋን በራስ አጥንት መልሶ ስለመገንባት ነበር።

በ33ኛው ምስሌን ይዤ መጣሁ። ተቆርጦ ሲታይ መንጋጋዬ የተራራ ቅርጽ አለው። ጫፉ ላይ 3.9 ሚሊሜትር ነው። 4 ሚሊሜትር ዝቅ ሲባል 7.2 ይሆናል። ከጫፉ እስከ ነርቩ 14። ምስሉን ያነሳኝ ባለሙያ ስክሪኑ ላይ መስመር እየሳበ ሲለካ ያ ምላሴ ሲዳስሰው የኖረ ጎድጓዳ ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ፤ ከጉንጭ በኩል ያለው ግድግዳ የለም፣ ከምላስ በኩል ያለው ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ከ34 እስከ 37 ድምፁ ተከፈለ። አንዱ ቀጭኑን ጫፍ ጠርቦ ማስተካከልና ከሥር ባለው ሰፊ አጥንት ላይ መትከል እንደሚቻል አሰላ፦ ከ14 ላይ 4 ቢነሳ 10 ይቀራል፣ ለነርቩ 2 ሲተው 8 ሚሊሜትር ኢምፕላንት ይገባል። ሁለተኛው ሐኪሜ ለካ ያን ያህል አልተሳሳተም። ሌላዋ ያ ከሆነ ክራውኑ ረጅም እንደሚሆን፣ የጠፋው አጥንት በጥርስ ቁመት እንደሚካካስና ከሥሩ ማጽዳት እንደሚያስቸግር ተናገረች። ሦስተኛው አጥንቱ ተጨምሮ ስድስት ወር ይጠበቅ የሚለው ጋ ቆመ። ሐኪሙ ከአንድ ቁራጭ ምስል ተነስቶ እንደማይፈርድ አስጠንቅቆ፣ የቀረ አንድ መንገድ እንዳለ ጠቆመ፦ ኢምፕላንቱ ከሥር ባለው ሰፊ አጥንት ጠብቆ የሚይዝ ከሆነ፣ ጫፉ በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሎ፣ በጉንጭ በኩል ከአጥንቱ ውጭ የሚታየው የብሎኑ ጠመዝማዛ በቅንጣትና በሽፋን በዚያው ቀን ሊሸፈን ይችላል። ካልያዘ ግን መጨመር ብቻ ተሠርቶ ይሰፋል፣ ተከላው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ያን የሚያውቀው እጁ ላይ የሚሰማው ሐኪም ብቻ ነው።

38ኛው ውሳኔዬ ነው፤ ለመጀመሪያው ሐኪም ምስሉን ወስጄ ይህንኑ ጠየቅኩት። ምስሉን አይቶ ዝም አለና፣ ከዚያ ስድስት ወሩን መቀነስ እንደሚቻል ተስማማ። የሁለተኛው ሐኪም ስልክ አሁንም አለኝ፤ አልተቀየምኩትም። 39ኛና 40ኛው መልካም ምኞት ናቸው፤ አንዱ ከ2ኛው ሰው ነው፣ ከእሱ አልጠበቅኩም ነበር።

41ኛውን የጻፍኩት ከተሠራሁ በዘጠነኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ብሎኑ ይዞ ነበር፣ ቅንጣቱም በዚያው ቀን ገብቷል። ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ምላሴ ላይ አንድ ነገር ሻከረኝ፤ ጣቴ ላይ አውጥቼ በመብራት ሳየው ነጭ ናት፣ ከጨው አትለይም። ወዲያው የ25ኛው ሰው አሥራ ሰባት ቅንጣት ትዝ አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩ።

42ኛው በአራት ደቂቃ ደረሰ፤ የመለሰልኝ ራሱ 25ኛው ነው። እሱም እንቅልፍ አልነበረውም። በመስታወት ፊት ጉንጬን ገለጥ አድርጌ ስፌቱ መሃል የተከፈተ ቦታ፣ ነጭ ሽፋን የሚታይበት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ እንዳለ እንዳይ ነገረኝ። ከሌለ አንድ ሁለት ቅንጣት ከስፌቱ ጠርዝ መውጣቱ እሱን ያጋጠመው እንዳልሆነ፣ ካለ ግን ጠዋት እስኪሆን ብቻ ጠብቄ እንድደውል። በምላሴም እንዳልነካካው። ሄጄ አየሁ። ተገጥሟል፣ ጥቁሮቹ ክሮች በቦታቸው ናቸው። አይቼ እስክመለስ ሲጠብቅ ነበር።